ደንበኛ በልቡ ይዞት ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት፦ ከአንዲት የደሴ ባልትና ሱቅ የተገኘ ተሞክሮ

በ2010 ዓ.ም. ደሴ ላይ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር፣ በርበሬ፣ ሽሮና ልዩ ልዩ ቅመማ ቅመም የምሸጥባት አነስተኛ የባልትና ሱቅ ከፈትኩ። ለዕቃ መግዣ ከያዝኩት ገንዘብ ቀንሼ ትልቅ ባነር አሠራሁ፤ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ለሁለት ቀን ተከራየሁ፤ ከተማው ውስጥ ከሚደመጡት የኤፍኤም ጣቢያዎች በአንዱም ለአንድ ወር የሚተላለፍ አጭር ማስታወቂያ አስነገርኩ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ «ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶች በተመጣጣኝ ዋጋ»። በዚያ ወር ብዙ ሰው መጣ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለ፣ መረቀኝ፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ገዝቶ ሄደ። በርበሬውን የገዛ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ምክንያቱን የነገሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከከረጢቱ በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አሹት፤ አሸተቱት፤ ከዚያም ቀና ብለው «ልጄ፣ መልኩስ ሸጋ ነው፤ ውስጡን ግን ማን ያውቃል?» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛላ ገዝተው፣ ራሳቸው ቀንጥሰውና ደልዘው፣ ወፍጮ ቤት ቆመው ሲያስፈጩ ለኖሩ እናት፣ የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ መግዛት ማለት ያላዩትን ነገር ማመን ማለት ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ደግሞ ሁላችንም ደጋግመን የምንሰማው ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁበት ባነር ለዚህ ጥያቄ አንዲት ቃል መልስ አልሰጠም። ጥራትና ተመጣጣኝ ዋጋ የሚለውን ሐረግ ከእኔ ሱቅ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆችም፣ የጫማና የመጋረጃ ነጋዴዎች ጭምር፣ በራቸው ላይ ጽፈውታል።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬን የማስተዋውቅበትን መንገድ ከሥሩ ለወጥኩት። ደንበኛው አፍ አውጥቶ ላይጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከቤቱ ሲነሣ አንድ ጥርጣሬ ይዞ ይነሣል። ለዚያ ጥርጣሬ በዓይኑ የሚያየው፣ በእጁ የሚዳስሰው፣ ቤቱ ሲገባም ለጎረቤት ሊነግረው የሚችለው መልስ ማዘጋጀት አለብኝ አልኩ። ሐሙስ ሐሙስ የምናስፈጭበትን ሰዓት በሩ ላይ ጽፌ ለጠፍኩ፤ የፈለገ መጥቶ እንዲያይም ፈቀድኩ። የመጣውን ዛላ በሰፌድ አድርጌ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ ደርቆ ገና ያልተፈጨውን፣ ቀጥሎም ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና በሶብላውን በየሳህኑ ደረደርኩ። በእሽጉ ላይ ዛላው ከማረቆ የመጣ መሆኑን፣ የገባበትን ቅመም ሁሉ በዝርዝር፣ ጨው የገባበት መሆን አለመሆኑንና የተፈጨበትን ቀን ጻፍኩ። ይህ ሁሉ የፈጀው ገንዘብ ከሬዲዮ ማስታወቂያው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የፈጀብኝ ትዕግሥት ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ከአፍ ወደ አፍ ደርሶ ሰው እስኪያመጣ ድረስ ወራት አልፈዋል።

በዚህ ጊዜ ሁሉም አነስተኛ ነጋዴ ቢያደርገው የምወደውን አንድ ነገር ጀመርኩ። አዲስ ፊት ባየሁ ቁጥር «ማን ላከዎት?» ብዬ እጠይቅና መልሱን በደብተር እመዘግባለሁ። ሦስት ወር መዝግቤ ስመለከተው ሬዲዮ ሰምቶ የመጣው በጣት የሚቆጠር ነበር። አብዛኛው ጎረቤቴ፣ እህቴ፣ አብራኝ ቡና የምትጠጣ ሰው ነገረችኝ የሚል ነው። ከእነዚህ መካከል ደግሞ ፈጽሞ ያላሰብኳቸው ሰዎች ደጋግመው ይነሡ ነበር፤ የሰርግ ወጥ ሠሪዎች። በእኛ አገር ሰርግ ሲደገስ የበርበሬውን ነገር የሚወስነው ገንዘቡን የሚከፍለው አባት አይደለም፤ ድስቱ አጠገብ የምትቆመው ባለሙያ ናት። እሷ «ይህ በርበሬ ወጡን አያቀላውም» ካለች ነገሩ አለቀ፤ «ይሄስ ይሆናል» ካለች ደግሞ ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ አሥር ሴቶች ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ።

ወጥ ሠሪዎቹን ገንዘብ ከፍዬ ስለ እኔ እንዲናገሩ ለማድረግ አንድ ጊዜ አስቤ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ በዕድሜም በሙያም የምታይል፣ አሳቤን ገና ስጀምርላት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «እኔ አፌን ሸጬ አላውቅም፤ ይልቅ ከሰርጉ በፊት አንድ ኪሎ ስጪኝና ልሞክረው፤ ለሰርጉ ስትሰጪኝ ግን ያንኑ ይሁን፤ ሌላ እንዳታመጪብኝ» አለችኝ። በማርኬቲንግ ሥልጠናዎች ላይ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ንግግር ነው። ስለ ምርታችን የሚመሰክሩ ሰዎች የሚመሰክሩት በራሳቸው ስም ነው፤ የራሳቸውን እንጀራ አስይዘው ነው። ስለዚህ ከእኛ የሚፈልጉት ትልቁ ነገር ውለታ ሳይሆን የዛሬው ከትናንቱ አለመለየቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሰርግ የሚታዘዝ በርበሬ ከአንድ ፍጭ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ለሙከራ የሚሰጠውም ከዚያው ይቆነጠራል።

ስለ ሱቁ ስም ባጭሩ ልናገር። መጀመሪያ ያወጣሁለት ስም ከመጽሐፍ የተቀዳ፣ ለአፍ የሚከብድ ነበር፤ ሰው ግን ሱቁን የሚጠራው በራሱ መንገድ ነበር። ታፔላውን ሳድስ ሕዝቡ በሚጠራው ስም አጻፍኩት። ያኔ ነው የንግድ ስምና የንግድ ምልክት የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት። የንግድ ስሙ በንግድ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ በእሽግ ላይ የሚታተመው ምልክት ግን ጥበቃ የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሲመዘገብ ነው፤ ጥበቃው ለሰባት ዓመት የሚቆይ ሲሆን እየታደሰ ይቀጥላል። ምርቱን አሽጎ ከከተማው ውጭ የሚልክ ሰው ይህን ለነገ ባይለው እመክራለሁ፤ የእኔን የሚመስል እሽግ ሌላ ከተማ ውስጥ ካየሁ በኋላ ነውና ለመመዝገብ የሮጥኩት።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደኝ፣ ነገር ግን ሌሎችን ይጠቅማል ብዬ ወደማምነው ጉዳይ ልግባ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ የዛላ ዋጋ ሊጨምር ነው ሲባል ሰምቼ፣ በዝናብ ወቅት ብዙ ኩንታል በአንድ ጊዜ ገዛሁ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ፀሐይ ለሰዓት ብቅ ብላ ትጠፋለች። በርበሬው በሚገባ ሳይደርቅ አስፈጨሁት። ከተሸጠ በኋላ ሁለት ደንበኞች የሻገተ ነገር ይሸታል ብለው መለሱልኝ። የሻገተ በርበሬ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ፣ ለጉበት አደገኛ የሆነ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማብሰል አይጠፋም። እኔ ግን ለሁለቱ ሰዎች ገንዘባቸውን መልሼ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ነገሩ በዚያው ይቀራል ብዬ ነው።

አልቀረም። በአራተኛው ቀን ከተማው ውስጥ የሚወራው ሌላ ነበር፦ «ከሸክላ ጋር ትፈጫለች»። ሰው እውነቱን ከእኔ ካልሰማ፣ ባዶውን ቦታ ቀድሞም ይፈራው በነበረው ነገር ይሞላዋል። በዚያ ሳምንት በርበሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማታ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አንድ ቀን ወሬውን ያስነሣው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስጠያይቅ ዋልኩ፤ አንድ ቀን ደግሞ «ስም አጥፊዎችን በሕግ እጠይቃለሁ» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ ልለጥፈው ነበር። ያስቆሙኝ ዘወትር አብሬያቸው ቡና የምጠጣ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። በረካው ላይ ደርሰን ነበር። «አብሽሪ ልጄ፤ አንቺ ያጠፋሽው አለ፣ ያላጠፋሽው አለ። ያጠፋሽውን ስትናገሪ ያላጠፋሽውን ያምኑሻል» አሉኝ።

በማግሥቱ የቀረውን በርበሬ በሙሉ ከመደርደሪያ አወረድኩ። በሩ ላይም በትልቁ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ፦ «ከነሐሴ መጀመሪያ ወዲህ ከእኛ በርበሬ የገዛችሁ ደንበኞቻችን ሆይ፣ በርበሬው በሚገባ ሳይደርቅ በመፈጨቱ የሻገተ እሽግ አግኝተናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሸክላም ሆነ ሌላ ባዕድ ነገር አልገባበትም። እባካችሁ አትጠቀሙበት፤ የተረፈውን ይዛችሁ ኑ፤ ተከፍቶ ቢሆንም ገንዘባችሁን ወይም አዲስ በርበሬ እንሰጣችኋለን። ዝናብ ባለበት ወቅት ከእንግዲህ አናስፈጭም።» ስልካቸው በደብተሬ ላይ ላሉት ደንበኞች አንድ በአንድ ደወልኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ልጆችም ለሚጠይቃቸው ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ያልጨመረና ያልቀነሰ መልስ እንዲሰጡ ተስማማን፤ ከአንድ ሱቅ ሦስት ዓይነት መልስ ከወጣ ወሬው እንደገና ይለመልማልና። ወሬውን ስላስነሣው ሰው አንድም ቃል አልተናገርንም።

የተመለሰውን በርበሬ በሙሉ አስወገድኩት። ኪሳራው ከባድ ነበር፤ የዚያን ዓመት ትርፍ ወስዶታል። አንዳንድ ደንበኞቼም እስከ ዛሬ አልተመለሱም፤ አልወቅሳቸውም። የቀሩት ግን በጥቅምትና በኅዳር እየተመለሱ መጡ፤ ሲመጡም በመጀመሪያ የሚያዩት የተፈጨበትን ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሚገጥመው ሰው የምለው፣ በመጀመሪያው ቀን ይናገር ነው። እኔ በጥቂት ቀናት ዝምታ ያጣሁትን መልሼ ያገኘሁት በብዙ ወራት ነው። ሲናገርም ጥፋቱን በስሙ ይጥራው፤ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው የቢሮ ቋንቋ ምን እንደተበላሸ፣ የገዛውን ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውምና።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እንደ ብዙው ሰው ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ፤ ስመለስ የነበረው ሁሉ አልነበረም። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ለዚህ ጉዳይ የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ የደንበኞቼ ስም፣ ስልክና የሚወዱት የበርበሬ ዓይነት የተጻፈበት ደብተርም አብሮ ጠፋ፤ ከዕቃው ይልቅ ያን ደብተር ለመተካት ነው የተቸገርኩት። ዛሬ ዝርዝሩ በስልኬም፣ በእህቴ ስልክም፣ በወረቀትም አለ። ሱቁን መልሼ ስከፍት የነበረኝ ሽሮ ብቻ ስለሆነ በሩ ላይ «ለጊዜው ሽሮ ብቻ ነው ያለን፤ በርበሬ ሲኖረን እንነግራችኋለን» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሽሮውን ሲገዛ ስልኩን እየተወልኝ ስለሄደ አዲሱ ደብተር የተጀመረው በዚያ ወቅት ነው።

ወደ ኢንተርኔት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። በቴሌግራም ቻናል ዋጋ እለጥፋለሁ፤ ክፍያውም በአብዛኛው በቴሌብር ሆኗል። ቲክቶክ ላይ መጀመሪያ ባለሙያ ቀጥሬ በሙዚቃ ያሸበረቀ ቪዲዮ አሠራሁ፤ ብዙም አላመጣልኝም። ሰው ያየልኝና የጠየቀልኝ፣ እናቴ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ዛላ ሲቀነጥሱ፣ የተበላሸውን እየለዩ ወደ ጎን ሲጥሉ በስልኬ የቀረጽኩት፣ ከዘንጉ መቀንጠስ በቀር ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ነው። ይህም ከመጀመሪያዋ እናት ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ። የደንበኛን ፊት ግን ሳላስፈቅድ አልለጥፍም፤ ሱቅ ገብቶ መታየት የማይፈልግ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ ለጥቁር አዝሙድ በለጠፍኩት ጽሑፍ ላይ «ከስኳር በሽታ ይፈውሳል» የሚል ቃል ከሌላ ገጽ ገልብጬ አስገብቼ ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ ደንበኛዬ አይተው ወዲያው እንዳጠፋው ነገሩኝ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያስገድዳል፤ የሌላውን ነጋዴ ምርት ማንቋሸሽንም ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ መድኃኒቱን ትቶ የእኔን አዝሙድ የሚውጥ ሰው ቢኖር ኃላፊነቱን የምሸከምበት ትከሻ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጣዕሙና ስለ አጠቃቀሙ እንጂ ስለ ፈውስ አልጽፍም።

ከሽያጬ ሰፊ ድርሻ ያለው ትእዛዝ የሚመጣው ግን ከዓረብ አገር ነው። ከወሎ ገጠርና ከተማ ወጥተው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩትና ዱባይ የሚሠሩ እህቶቻችን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲያገኙ በርበሬና ሽሮ ያስልካሉ። እነሱ በጽሑፍ አይደለም የሚያዝዙት፤ ከሥራ እረፍት በምትገኝ ጥቂት ደቂቃ በአይሞ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ እመልስ ነበር፤ ብዙዎቹም መልሰው አይጽፉም ነበር። በድምፅ መመለስ ስጀምር፣ በወጉ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ቤተሰባቸውን ጠይቄ፣ ከዚያ ዋጋውን ስናገር ነገሩ ተለወጠ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ፣ ሲታሸግና ስማቸው ሲጻፍበት ቀርጬ እልክላቸዋለሁ። አንዷ የተቀበለችውን እሽግ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝና «ስሜን በአማርኛ ተጽፎ ካየሁ ስንት ጊዜዬ» አለችኝ። በእሷ በኩል ብቻ አምስት ሰው አዝዟል።

በዓል ሲደርስ መልእክት መላክ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በወሎ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስም አይቶ ሃይማኖት መገመት እዚህ አይሠራም፤ አንድ ቤት ውስጥ አባት ክርስቲያን፣ አያት ሙስሊም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሙም ከሁለቱ ወገን የተወረሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለዐቢይ ጾምም ሆነ ለረመዳን አንዱን መልእክት ለሁሉም እልካለሁ፤ ሲጀምርም «ለምትጾሙ ሁሉ» ይላል፤ ቀጥሎ ለጾሙ የተዘጋጀው የሽሮና የሾርባ ዱቄት መድረሱን ያሳውቃል። ጾሙ ሊገባ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው መላክ ይበቃል፤ በበዓሉ ዕለት የሚላክ የሽያጭ መልእክት ግን ሰውን ያስቀይማል።

ስለ ሬዲዮም ሳልናገር አልለፍ፤ በመጨረሻ ተመልሼበታለሁና። በዚህኛው ጊዜ ግን ሳልከፍል ነው። የበርበሬ ዋጋ በጣም በናረበት ሰሞን ለአንድ ፕሮግራም አዘጋጅ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስለ ሱቄ ሳይሆን፣ ዛላ ከገበሬው እጅ ተነሥቶ ደሴ እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ በየደረጃው ምን እንደሚጨመርበትና አንድ ቤተሰብ ዛላ ሲገዛ ምን ማየት እንዳለበት ነበር የጻፍኩት። ጠርተው አነጋገሩኝ፤ አድማጮችም እየደወሉ ጠየቁ። ጋዜጠኛ የሚፈልገው ለአድማጩ የሚጠቅም ነገር ነው፤ ሱቃችንን እንዲያወድስልን መጠበቅ ግን ሥራውን አለማወቅ ነው። በዚያ ሳምንት «ማን ላከዎት?» ስል «ሬዲዮ ላይ ስለ ዛላ ስትናገሪ ሰምቼ» ያሉኝ፣ ያኔ ለአንድ ወር ከፍዬበት ከመጡት ይበልጣሉ።

ስለ እሽጉ ጽሑፍ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞቼ ያ ሁሉ ጽሑፍ ምንም እንዳልነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከኩታበር በኩል ለገበያ የሚመጡ አንዲት እናት አንድ ቀን እሽጉን አገላብጠው አይተው «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የባለፈውን ነው የምፈልገው፤ የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ?» አሉኝ። እህቴ የከረጢቶቹን አፍ በባለቀለም ክር እንድናስር አሳብ አመጣች፤ ለአልጫ ቅመሙ ቢጫ፣ ለሚያቃጥለው በርበሬ ቀይ፣ ለለዘብተኛው አረንጓዴ። ለእናትየዋም አረንጓዴውን አስረን ሰጠናቸው። ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ያችን አረንጓዴ ክር አውጥተው መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት፤ «የዚህችን እህት ሁለት ኪሎ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የጎረቤቴ ነው» አሉ።